ባሕሩ የሌለበት ሥዕል፤ ስለ ልዑል ዓለማየሁ ፎቶግራፍ የቀረበ አስተያየት

በአራዳ ጊዮርጊስ በኩል ለሚመላለስ ሰው፣ በመንገድ ዳር ከግድግዳ ተደግፈው የሚሸጡትን ባለ መስተዋት ሥዕሎች ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከእቴጌ ጣይቱ ጋር፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዘውድ ልብሳቸው፣ ቅዱስ ጊዮርጊስም በነጭ ፈረሱ ላይ ሆኖ ደራጎኑን ሲወጋ፣ ጎን ለጎን ተደርድረው ገዢ ይጠብቃሉ። ባለፈው የጥር ወር አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ከነዚሁ መካከል አንዱ ዓይኔን ስለ ሳበው ቆም ብዬ ተመለከትሁት። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ የልዑል ዓለማየሁ ሥዕል ነበር። ብዙዎቻችን በመጽሐፍም በጋዜጣም ያየነው፣ ሕፃኑ ባንገቱ ጌጥ አጥልቆ ዝም ብሎ ተቀምጦ የሚታይበት ያ የታወቀ ፎቶግራፍ ነው። ነገር ግን በዚህኛው ላይ የተጨመረ ነገር አለ፤ ከልጁ በስተኋላ ባሕር ይታያል።

ባሕሩ ማዕበል የለውም። ወተት እንደ ፈሰሰበት ሜዳ ለስልሶ፣ ከሰማዩ ጋር በጉም ተያይዞ፣ ወዴት እንደሚያልቅ አይታወቅም። የዛሬ ዘመን ፎቶግራፍ አንሺዎች በካሜራው ዓይን ላይ ጥቁር መስተዋት ደፍተው፣ መዝጊያውን ለብዙ ሰከንድ ወይም ለደቂቃዎች ከፍተው በመተው የሚያገኙት ዓይነት ባሕር ነው። አንድ ሰው ከሌላ ሥዕል ላይ ወስዶ በኮምፒዩተር እንደ ለጠፈው ያስታውቃል። ሻጩ ወጣት ነው። «ይህ ባሕር ከየት መጣ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ልጁ የሄደው በባሕር አይደለም እንዴ?» ሲል መለሰልኝ። ለጊዜው የምመልሰው ስላጣሁ ሥዕሉን ገዝቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ይህንም ጽሑፍ ያስነሣው ያ የልጁ ጥያቄ ነው።

እውነተኛው ፎቶግራፍ የተነሣው በሐምሌ ወር 1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ ዋይት በምትባለው ደሴት፣ ፍሬሽዋተር በተባለ የባሕር ዳር መንደር ነው። ያነሡትም ወይዘሮ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ናቸው። መኖሪያ ቤታቸው ከባሕሩ ወሽመጥ የአጭር ጊዜ የእግር መንገድ ነው። ሆኖም ባሕሩ በሥዕሉ ውስጥ የለም። እርሱ ለምን እንደ ሌለ፣ ልጁ ደግሞ እንዴት ሊገኝ እንደ ቻለ ለመረዳት፣ በዚያ ዘመን ብርሃን በመስተዋት ላይ እንዴት ይቀረጽ እንደ ነበረ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። (ልዑሉን በማዕረጋቸው «አንቱ» ማለት በተገባኝ ነበር። ነገር ግን የምናገረው በሥዕሉ ላይ ስላለው የሰባት ዓመት ሕፃን ስለ ሆነ «እርሱ» እያልሁ ብጽፍ አንባቢያን እንደ ድፍረት አይቍጠሩብኝ።)

ፎቶግራፍ ቃሉ የግሪክ ሲሆን ትርጓሜው በብርሃን መጻፍ ማለት ነው። ጽሕፈት እንደ መሆኑም ጊዜ ይፈልጋል። ዛሬ በእጃችን የምንይዘው ስልክ ከሰከንድ መቶኛ እጅ ባነሰ ጊዜ ስለሚጽፍ ጊዜ መፍጀቱን ረስተነዋል። ፈረንሳዊው ዳጌር እ.ኤ.አ. በ1838 ከመስኮቱ ሆኖ አንዱን የፓሪስ ጎዳና ባነሣ ጊዜ፣ ሰሌዳው ብርሃኑን ጠጥቶ እስኪጠግብ ብዙ ደቂቃ ስለ ፈጀበት፣ በጎዳናው የሚመላለሰው ሰውና ሠረገላ ሁሉ ሳይቀረጽ ቀርቶ መንገዱ ባዶ መስሎ ወጣ። ከጥግ በኩል አንድ ሰው ብቻ ይታያል፤ ጫማውን ያስጠርግ ነበርና እግሩን አንሥቶ ቆሞ ቆይቷል። በፎቶግራፍ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ ሰው ይህ ነው እየተባለ ይነገራል። በምኒልክ አደባባይ ዙሪያ ሊስትሮ ዘንድ እግሬን ባነሣሁ ቍጥር ያ ስሙ ያልታወቀ የፓሪስ ሰው ትዝ ይለኛል። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ለእርሱ ብቻ መልክ የተሰጠው ዝም ብሎ በመቆሙ ነው፤ ሌላው ሕዝብ ግን በሥራው ላይ ስለ ነበረ ጠፋ።

ወይዘሮ ካሜሮን በሠሩበት ዘመን ዘዴው ተሻሽሎ ነበር። መስተዋቱ ኮሎዲዮን በሚባል ፈሳሽ ይቀባል፤ ከዚያም የብር ጨው ባለበት ውሃ ውስጥ ተነክሮ፣ ሳይደርቅ በካሜራው ውስጥ ብርሃን ይቀበላል፤ ሳይደርቅም በጨለማ ክፍል ይታጠባል። ይህ ሁሉ ከሩብ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ መፈጸም ነበረበት። ውጭ በፀሐይ ብርሃን ከሆነ ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል። ወይዘሮዋ ግን ሰውን የሚያነሡት በመጋረጃ በተቀነሰ ብርሃንና 30 በ38 ሳንቲ ሜትር በሚያህል ትልቅ መስተዋት ላይ ስለ ነበረ፣ አንዱ ሥዕል ከሦስት እስከ ሰባት ደቂቃ ይፈጅባቸው እንደ ነበር ይነገራል። በዚያ ላይ ኮሎዲዮን ሰማያዊውን ብርሃን ፈጥኖ ሲጠጣ ቀዩንና ቡናማውን ከቶ አያውቅም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የእኛን ሰው መልክ ካለው ይልቅ አጥቍሮ ያሳየዋል፤ መልኩ ጎልቶ እንዲወጣም ከእንግሊዙ መልክ የበለጠ ጊዜ ይጠይቃል።

ወይዘሮ ካሜሮን ይህን ሥራ የጀመሩት በ48 ዓመታቸው፣ ልጃቸው ካሜራ በስጦታ በሰጠቻቸው ጊዜ ነው። የከሰል ማስቀመጫውን ጨለማ ክፍል፣ ባለ መስተዋቱን የዶሮ ቤት ደግሞ የፎቶግራፍ ማንሻ አደረጉት። (ዶሮ ማነቂያ ሠፈር ተወልዶ ላደገ እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ ነገር ደስ ያሰኛል። ሠፈሩ አብዛኛው በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ፈርሶ አሁን መንገድና ሣር ሆኗል።) የዘመናቸው ባለሙያዎች ሥዕላቸው ብዥ ያለ ነው፣ አጥርቶ ማንሣት አይችሉም ብለው ይተቿቸው ነበር። እርሳቸው ግን ብዥታውን እንደ ጥፋት አልቈጠሩትም። በኔ አስተያየት በዚህ ነገር ወይዘሮዋ ትክክል ናቸው፤ ሰው በሦስት ደቂቃ ውስጥ ይተነፍሳል፣ ዓይኑን ያርገበግባል፣ ትከሻውም ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ይህ ሁሉ በመስተዋቱ ላይ ተደራርቦ ስለሚጻፍ፣ ብዥታ የምንለው ነገር የሰውዬው እስትንፋስ ነው።

ልጁ እዚያ እንዴት እንደ ደረሰ አንባቢ ስለሚያውቀው አላስረዝመውም። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ አምባ ላይ የሞቱት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በፋሲካ ማግስት ነው። የልጁ እናት እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕሩ ሲወርዱ በግንቦት ወር በመንገድ ላይ ታመው ትግራይ ውስጥ አረፉ፤ በጨለቆትም ተቀበሩ። በሰኔ ልጁ ከዙላ ወደብ መርከብ ተሳፈረ፤ በሐምሌ እንግሊዝ አገር ደረሰ። ካሜራው ፊት የተቀመጠው በዚያው በሐምሌ ነው። እንግዲህ ከመቅደላ እስከ ፍሬሽዋተር መካከል ያለው ጊዜ አራት ወር እንኳ አይሞላም።

አሁን ወደ ሥዕሉ እንመለስ። ከበስተኋላው ጨለማ ነው፤ ወንበርም፣ ግድግዳም፣ መስኮትም ተለይቶ አይታይም። ብርሃኑ የሚያርፈው በፊቱና በልብሱ ላይ ነው። በእቅፉ አሻንጉሊት ይዟል። ከአራዳ የገዛሁት ቅጂ ከደረቱ በላይ ተቈርጦ የቀረበ ስለ ሆነ አሻንጉሊቱ የለበትም፤ ከተጨመረው ባሕር ይልቅ ይህ የተቀነሰው ነገር ይበልጥ አሳዝኖኛል። አሻንጉሊቱ ከሌለ የምናየው ትንሽ ንጉሥ ነው፤ አሻንጉሊቱ ሲኖር ግን የምናየው ሕፃን ነው። የቈረጠው ሰው ልዑሉን ለማክበር ብሎ ይሆናል፤ ዳሩ ግን በዚያ ሥዕል ላይ ካሉት ነገሮች ሁሉ የልጅነቱ ምስክር ያ አሻንጉሊት ነበር።

ሁላችንም ይህን ፎቶግራፍ ባየን ቍጥር የምንናገረው አንድ ቃል ነው፤ «እንዴት ያለ ኀዘን ነው!» እንላለን። እኔም እንዲሁ እል ነበር። መምህራንም ለተማሪዎች ሲያሳዩ የልጁን ኀዘን ከዓይኑ አንብቡ ይላሉ። ሥዕሉን ከገዛሁ በኋላ በነበረው እሑድ ግን አንድ ነገር ሞከርሁ። ሴት ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። በመስኮቱ አጠገብ በበርጩማ ላይ አስቀምጬ፣ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ሳትነቃነቂ ተቀመጪ፣ ከረሜላ እገዛልሻለሁ አልኋት። ሰዓቴን ይዤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥሁ። በመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ሣቋን ለመያዝ ጕንጯን ነፋች። አንድ ደቂቃ ሲሞላ ሣቁ አልቆ ከንፈሯ ተገጠመ። በሁለተኛው ደቂቃ ዓይኗ እኔን ማየት ትቶ ወደ ውስጥ የተመለሰ መሰለኝ፤ ትከሻዋ ወረደ፤ አገጯም በጥቂቱ ወደ ደረቷ ዘንበል አለ። በሦስተኛው ደቂቃ ፊት ለፊቴ የተቀመጠው የልዑል ዓለማየሁ ፊት ነበር። ልጄ በዚያ ቀን ምንም አላዘነችም። ጊዜው ካበቃ በኋላ ተነሥታ እየዘለለች ከረሜላዋን ጠየቀችኝ።

ይህን ነገር የታሪክ መምህር ለሆነው ወዳጄ ባጫወትሁት ጊዜ ተቈጣ። «አባቱን በሚያዝያ፣ እናቱን በግንቦት ያጣን ሕፃን ኀዘን ከመስተዋት ቀርፋፋነት የመጣ ነው ልትል ነውን?» አለኝ። እንደዚህ አላልሁም። የልጁ ኀዘን እውነተኛ መሆኑን የሚመሰክሩልን ከላይ የቈጠርናቸው ወራት ናቸው፤ ከነዚያ የበለጠ ማስረጃ አንፈልግም። የኔ ነገር ሥዕሉ የዚያ ምስክር ሊሆን አይችልም ነው። ያ ሥዕል የአንድ ቅጽበት ፊት አይደለም፤ የብዙ ደቂቃዎች ፊት ተደራርቦ ነው። ልጁ በዚያ መካከል አንድ ጊዜ ፈገግ ብሎ ቢሆን እንኳ መስተዋቱ ፈገግታውን እንደ ዳጌር መንገደኛ ጥሎት ያልፍ ነበር። በዘመኑ ሥዕሎች ሁሉ ትልቁም ትንሹም ያዘነ የሚመስለው ስለዚሁ ነው። ወዳጄ በዚህ አልተስማማም፤ እስካሁንም አልተስማማንም።

እንግዲህ ሥዕሉ ስለ ኀዘን የማይመሰክር ከሆነ ስለ ምን ይመሰክራል? በኔ ግምት ስለ ታዛዥነት ነው። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ቋንቋቸውን በማያውቃቸው ሰዎች መካከል፣ ትልቅ የእንጨት ሣጥን ፊት፣ ለደቂቃዎች ሳይነቃነቅ ተቀምጧል። «አትነቃነቅ» ብሎ በአማርኛ የነገረው ሰው መኖሩ አይቀርም፤ ምናልባት አማርኛ የሚያውቀው ሻምበል ስፒዲ፣ ወይም አብሮት የሄደው አሽከር ካሳ ሊሆን ይችላል። ልጁም ታዘዘ። መስተዋቱ በጥሩ ሁኔታ መውጣቱ ራሱ መታዘዙን ያረጋግጣል፤ ቢያስቸግር ኖሮ ሥዕሉ አይኖርም ነበርና። ከየትኛውም የዓይን ኀዘን ይልቅ እኔን የሚከብደኝ ይህ ነው። ልጄን በከረሜላ አባብዬ ያስቀመጥኋት እኔ አባቷ ነኝ፤ ለዚያ ልጅ ግን በዚያ ቤት አባትም እናትም አልነበረውም።

ከዚሁ ጋር አብረው የተነሡ ሌሎች ሥዕሎች አሉ። በአንዱ ላይ ልጁ ከስፒዲ ጋር ነው። ወይዘሮዋ ከሥሩ የጻፉት ስም ደጃች ዓለማየሁና ባሻ ፈለቃ የሚል ነው፤ ባሻ ፈለቃ የተባለው ስፒዲ ነው። ይህ እጅግ ረዥም የሆነ እንግሊዛዊ የአበሻ ልብስ ለብሶ፣ የጦር መሣሪያ ይዞ ቀርቧል። ሥዕሉ ቴአትር ነው። ወይዘሮ ካሜሮን ጎረቤቶቻቸውንና የቤት አገልጋዮቻቸውን እንደ ነገሥታት፣ እንደ መላእክት እያለበሱ ማንሣት ይወዱ ነበርና ልማዳቸው ነው። እዚህ ላይ ግን ልማዱ አላማረም። እንግሊዛዊው የአበሻ ጀግና መስሎ ሲቀርብ፣ እውነተኛው የአበሻ ንጉሥ ልጅ ከጎኑ የጌጥ ዕቃ ሆኖ ይታያል። በዚያ ሥዕል ውስጥ ሐሰት ያልሆነ ነገር ቢኖር ልጁ በሰውዬው ላይ መደገፉ ብቻ ነው፤ እርሱም ፍቅር ይሁን ወይም ደቂቃዎቹን ሳይነቃነቅ ለማሳለፍ የተገኘ ድጋፍ ይሁን ለመለየት አይቻልም። ካሳ በሚገኝበት በሌላው ሥዕል ደግሞ ስፒዲ ጦር ይዞ ከበላዩ ቆሟል። ስለዚያኛው ብዙ መናገር አልፈልግም።

ለማነጻጸር ያህል፣ በዚያው ወራት ታላቁ የሳይንስ ሊቅ ቻርልስ ዳርዊን ከቤተሰቡ ጋር ለዕረፍት ፍሬሽዋተር ሄዶ በወይዘሮ ካሜሮን ዘንድ ፎቶግራፍ ተነሥቷል። እርሱም ያንኑ ቀርፋፋ መስተዋት ታግሦ ተቀምጧል። ነገር ግን በዳርዊን ሥዕል ላይ ኮትና ጢም እንጂ ጌጥ የለም፤ በእጁም ምንም አልያዘም፤ ስሙም በራሱ ስም ነው። ልጁ ግን «የንጉሥ ቴዎድሮስ ልጅ» ተብሎ በአባቱ ስም ተጽፏል። ሥዕሎቹ ለንደን ላይ ኮልናጊ በተባለው የሥዕል ነጋዴ በኩል ይሸጡ ስለ ነበር፣ ገዢው የሚፈልገው የልጁን መልክ ሳይሆን በዚያ ዓመት በጋዜጣ ሁሉ የተወራውን ጦርነት ነበር ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም። ዳርዊን ሲያበቃ ወደ ሥራው ተመለሰ። ልጁ ግን ከዚያ በኋላም በሌሎች ካሜራዎች ፊት ተቀምጧል።

ስለ ወይዘሮዋ ግን ፍርድ ስሰጥ ሚዛን እንዳላዛባ እሰጋለሁ። ብቻውን የተነሣበት ሥዕል ከስፒዲው ሥዕል እጅግ ይበልጣል። በዚያን ጊዜ ስለ ልጁ ከተነሡት ሥዕሎች መካከል ፊቱን ቀርቦ ለማየት የደከመ ዓይን ያለው የርሳቸው ነው። ሥዕሉ የተያዘበት ጊዜ ረዥም በመሆኑ፣ እኛ ዛሬ ስናየው የምናየው ከልጁ ሕይወት ጥቂት እውነተኛ ደቂቃዎችን ነው። በፈጣን ካሜራ ቢነሣ ኖሮ የምናገኘው የሰከንድ ቍራጭ ብቻ በሆነ ነበር።

ወደ ባሕሩ ልመለስ። ባሕርን በዚያ ዘመን ማንሣት ትልቅ ፈተና ነበር። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ እ.ኤ.አ. በ1857 በሴት ወደብ ማዕበሉን ሲሰበር ለመያዝ የቻለው ብርሃኑ እጅግ ባየለበት ቦታና በአጭር ጊዜ ስላነሣው ነው፤ ሰማዩንም ለብቻው ከሌላ መስተዋት አትሞ አገጣጠመው። እንግዲህ ባሕርን በሥዕል ላይ መለጠፍ የአራዳው ኮምፒዩተር የፈጠረው ነገር አይደለም ማለት ነው። ወይዘሮ ካሜሮን ልጁን ወደ ባሕሩ ዳር አውጥተው ቢያስቀምጡት ኖሮ፣ ውጭ በቂ ብርሃን ስላለ ጊዜው ያጥር ነበር፤ ቢሆንም ጥቂት ሰከንድ እንኳ ማዕበሉን ለማጥፋት ይበቃል። ልጁ ተቀርጾ፣ ባሕሩ ግን ጉም ሆኖ ይወጣ ነበር። ይህም ከጊዮርጊስ የገዛሁትን ቅጂ በብዙ ይመስላል! ባሕሩን የለጠፈው ሰው ሳያውቀው ወደ እውነቱ ተጠግቶ ነበር።

በዛሬው ጊዜ ይህ ዘዴ እንደ ጥበብ ይቈጠራል። ጃፓናዊው ሂሮሺ ሱጊሞቶ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በየአገሩ እየዞረ ሰው የሌለበትን ባሕርና ሰማይ ብቻ ሲያነሣ ኖሯል። ሩሲያዊው አሌክሲ ቲታሬንኮ ሶቪየት ኅብረት በፈረሰችበት ዘመን የሴንት ፒተርስበርግን ሕዝብ በረዥም የብርሃን ጊዜ አንሥቶ፣ ወደ ባቡር ጣቢያ የሚጋፋውን ሰው ሁሉ እንደ ጢስ አድርጎ አሳይቷል። የቲታሬንኮ ሥራ ከልብ ይገባል፤ ያ ሕዝብ በርግጥ አገሩ ከእግሩ ሥር የጠፋችበት ሕዝብ ነበርና ጢስ መሆኑ ምክንያት አለው። የእኛም ወጣቶች ይህን መሞከር ጀምረዋል። በአማርኛ ባሕር ስንል ሐይቁንም ጨምረን ስለሆነ፣ ባሕር የለንም ብለው አልቀሩም፤ ጣና ዳር ያለችው ከተማ ስሟ ራሱ ባሕር ዳር ነው፤ ታቦታቱ የሚያድሩበትም የጃን ሜዳው ውሃ ጥምቀተ ባሕር ይባላል። በጣና ዳር ባለ ታንኳውን ከነቀዘፋው፣ በጃን ሜዳ ደግሞ ነጭ የለበሰውን ምእመን በረዥም ጊዜ ያነሡ ሥዕሎችን በወዳጆቼ ዘንድ አይቻለሁ። የጣናው አምሯል፤ ባለ ታንኳው ቀዘፋውን ትቶ ውሃውን ሲመለከት የተያዘ ስለ ሆነ በለሰለሰው ውሃ ላይ ብቻውን ጸንቶ ይታያል። የጃን ሜዳው ግን አልተዋጠልኝም። ነጩ ሕዝብ አንድ ደመና ሆኗል፤ ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን እየዘመሩ፣ እያሸበሸቡ፣ እየጨፈሩ ያሉት ሰዎች ስለተንቀሳቀሱ ብቻ ተደመሰሱ፤ ተለይተው የቀሩት ከጥግ ቆመው የሚጠብቁት ፖሊሶች ናቸው። በጥምቀት ቀን ከሥዕሉ መጥፋት የማይገባው የሚዘምረው ሰው ነበር። አንሺው ቀርፋፋውን ዘዴ ከመምረጡ በፊት ማን እንደሚጠፋበት ማሰብ ነበረበት።

አንድ የቤቴን ነገር ጨምሬ ላብቃ። አባቴ በ1963 ዓ.ም. ገና ወጣት ሳለ በፒያሳ ፎቶ ቤት የተነሣው ሥዕል በሳሎናችን ተሰቅሏል። ከበስተኋላው መጋረጃ ላይ ውሃና የዘንባባ ዛፍ ተሥሎበታል። አባቴ በሕይወቱ ባሕር አላየም፤ ምጽዋንም አሰብንም በስም ብቻ ነው የሚያውቃቸው። ለምን ባሕሩን መረጥህ ብዬ ብጠይቀው፣ ሌላው መጋረጃ ደረጃና አበባ እንደ ነበረና ደረጃውን እንዳልወደደው ነገረኝ። በአራዳ ፎቶግራፍ የማንሣት ሙያ አባቶቻችን ያከበሩት ሙያ ነው፤ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከርሳቸውም በኋላ ልጆቻቸው የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች ሆነው አገልግለዋል። በየፎቶ ቤቱም ከሰው በስተኋላ የሌለውን አገር መዘርጋት የተለመደ ነበር። እንግዲህ የሥዕል ሻጩ ባሕር ከዚህ ልማድ የመጣ ነው ቢባል ነውር የለበትም። ልዩነቱ አባቴ መጋረጃውን የመረጠ ራሱ መሆኑ ነው። ገንዘቡን ከፈለ፣ ኮቱን አስተካከለ፣ የማይወደውን ደረጃ ትቶ የሚወደውን ውሃ ከኋላው አስዘረጋ። ዓለማየሁን ግን በሕይወት ሳለ ማንም ምረጥ አላለውም፤ አሁን ደግሞ በሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ እኛው ባሕር መረጥንለት፣ አሻንጉሊቱንም ነጠቅነው።

ልዑሉ በኅዳር ወር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመት ዕድሜው ሊድስ በተባለው ከተማ ታሞ ሞተ፤ የተቀበረውም በዊንድሰር ቤተ መንግሥት በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ነው። ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በ1999 ዓ.ም. ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ጠይቀው ነበር። በ2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሌሎችን ዐፅም ሳይነኩ ማውጣት የሚቻል አይደለም ሲል እንቢታውን ገለጸ። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በስፒዲ ቤተሰብ እጅ የቆየው የፀጉሩ ቍራጭ ለኢትዮጵያ ተሰጥቷል። በዚህ ሁሉ መካከል ፎቶግራፉ በብዙ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል፤ ባብዛኛውም ያነሣው ማን እንደ ሆነ፣ የት እንደ ተነሣ፣ አልተጻፈበትም።

ስለዚህ ለመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆችና ለመምህራን የማቀርበው አሳብ ትንሽ ነው። ሥዕሉ ሳይቈረጥ፣ ከነአሻንጉሊቱ ይታተም። ከሥሩም እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፤ «ደጃዝማች ዓለማየሁ ቴዎድሮስ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ። ያነሡት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን፤ ፍሬሽዋተር፣ ዋይት ደሴት፤ ሐምሌ 1860 ዓ.ም.። ለዚህ ሥዕል ለደቂቃዎች ሳይነቃነቅ ተቀምጧል። ባሕሩ በቅርብ ነበር።» ከሻጩ የገዛሁትን ግን አልጣልሁትም፤ በአባቴ ሥዕል አጠገብ ሰቅየዋለሁ።